ባለ ጊታሯ የነገረችኝ መርዶ

ሣጥኑን ልጄ ይዛ የመጣችው ሐሙስ ቀን ነው። እሷ የምትኖረው እዚሁ ላስ ቬጋስ ሴንቴኒያል ሂልስ የሚሉት ሰፈር ነው፤ እኛ አሊያንቴ አጠገብ ነን። መንገዱ ሩቅ ባይሆንም በሥራ ቀን መጥታ አታውቅም። ሐሙስ ቀን፣ ያውም በጠዋቱ፣ ምን አመጣት ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። ልቤን ታክሜ ከሆስፒታል ከወጣሁ ወር አልሞላኝም ነበር። ቤት ተቀምጦ ግድግዳ ማየት ሰልችቶኛል። ሰው ሲመጣ ደስ አለኝ እንጂ ምንም አልጠረጠርኩም።

ሣጥኑ የዘፈን ሸክላ የተደረደረበት ነው፣ ስፋቱ የሻይ ትሪ ያህላል። ላዩ ላይ አንዲት ፈረንጅ ጊታር አቅፋ ቆማለች። ነጭ ቦት ጫማ አድርጋለች፣ ፀጉሯ እንደ ጎጆ ጣራ ቁልል ብሏል። ገልብጠው ሲያዩት ደግሞ ያቺው ሴትዮ አርጅታ፣ ያንኑ ጊታር አቅፋ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ልጄ አርትስ ዲስትሪክት ከሚሉት ሰፈር ካለ የዘፈን ሸክላ ሱቅ ነው የገዛችው። ማጫወቻውንም፣ ጆሮ ላይ የሚደረገውን ማዳመጫም አብራ ገዝታለች።

"ለእማዬ ነው፤ ላንተም ነው" አለችኝ።

ለኔ አይደለም አልኳት። ካንትሪ የሚሉትን ዘፈን አልወድም። ታክሲ ስነዳ በዓመት አንዴ ፈረስ ጋላቢዎቹ ለውድድር ከተማውን ሲሞሉት፣ ባርኔጣቸው የመኪናዬን ጣራ እየነካ፣ ራዲዮ ክፈትልን ይሉኝ ነበር። ያ የሚያላዝን ጊታር ጥጃ የሞተባት ላም ነው የሚመስለኝ። ቲፕ ስለሚሰጡ እከፍትላቸዋለሁ፤ ሲወርዱ እዘጋዋለሁ።

ባለቤቴ ግን ሴትየዋን ታውቃታለች። እንደ ሰው ሁሉ በቴሌቪዥን አይደለም የምታውቃት። ባለቤቴ ስትሪፕ በሚሉት የካዚኖ ጎዳና ላይ ካለ አንድ ሆቴል ሀውስኪፒንግ፣ የእንግዳ ክፍል ጽዳት፣ ስትሠራ ነው ያረጀችው። እዚህ በመጣን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያ ሆቴል ካዚኖው ጥግ ላይ ትንሽ የዘፈን አዳራሽ ነበረው። ይቺ ሴትዮ እዚያ ትዘፍን ነበር። ልብስ የምትቀይርበትን ክፍል የምታጸዳው፣ ቀሚሷን የምትተኩሰው ባለቤቴ ነበረች። ሣጥኑን ስታይ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ የሴትየዋን ፊት ዳሰሰችው። "አርጅታለች" አለች።

ልጄ እንደነገረችኝ ዱሮ ካንትሪ የወንድ ነበር። ሴት ብትዘፍንም ወንድ የጻፈላትን ነው። ይቺ ግጥሙን ራሷ ገጥማ፣ ዜማውን ራሷ አውጥታ፣ ወንዶቹን ከኋላዋ አሰልፋ ከዘፈኑት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ናት። ራዲዮ ጣቢያዎቹ አናጫውትም ብለዋት ነበር አሉ። ይህ ሣጥን የዕድሜዋ ሥራ ተለቅሞ የተሰበሰበበት ነው።

"ታዲያ ምን ይገርማል? አዝማሪ ሁሉ ራሱ አይደል የሚገጥመው?" አልኳት። ልጄ ሳቀች። ባለቤቴ አልሳቀችም።

ከዚህ በኋላ የሆነው እንዲገባ ስለ መርዶ መናገር አለብኝ። በዚህ ከተማ የአንዱ ዘመድ አገር ቤት ሲሞት መጀመሪያ የሚደወለው ለኔ ነው። ሰው መኪና እየነዳ ወይ ካዚኖ ውስጥ የቁማር ካርድ እያደለ በስልክ "እናትህ ሞተች" አይባልም። ይደበቃል። ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ ጎህ ሲቀድ ቤቱ ይሄዳል፤ ሰውየው ተቀምጦ፣ ከኋላው ተይዞ ይነገረዋል። ሌላ ከተማ ይህ የሚሆነው ቅዳሜና እሑድ ነው ይላሉ። ቬጋስ ቅዳሜና እሑድ ማን ያርፋል? ካዚኖው የሚሞላው ያኔ ነው። የኛ ሰው ዕረፍቱ ማክሰኞና ረቡዕ ስለሆነ መርዶም ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ በጠዋት በሩ ሲንኳኳ የማይደነግጥ አበሻ እዚህ የለም።

ደንቡን ለሌሎቹ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። እግዚአብሔር ይመስገን ብዙ ሰው በእጄ አልፏል። ስልኩን ውሰዱበት እላለሁ፣ ምክንያት ፈልጉ፣ ተበላሸ በሉ። በዋዜማው በደንብ አብሉት፣ ከዚያ በኋላ እህል አይቀምስም። መኪናችሁን እደጃፉ አታቁሙ፣ ወዲያኛው መንገድ አቁሙ። ጥቁራችሁን ከኮት ሥር ልበሱ። ከሁሉ በላይ ደግሞ እንደ ሌላው ቀን ሁኑ። የምትሰድበው ከሆነ ስደበው።

ይህን ሁሉ የተማርኩት በባለቤቴ እናት ነው። ያን ጊዜ ባለቤቴ ይቺኑ ልጃችንን ፀንሳ ሆዷ ገፍቶ ነበር። የእናቷ ሞት የተነገረኝ ታክሲ የምንረከብበት ግቢ ተደውሎ ነው። ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም፤ ለአራስም አይነገርም። የቤቱን ስልክ ከግድግዳው ነቅዬ ተበላሽቷል አልኳት። እስክትወልድ ጠበቅኩ። ከዚያ ደግሞ ሕፃኗ ክርስትና እስክትነሳ ጠበቅኩ፣ ሴት ልጅ ሰማንያ ቀን ነው። ያን ሁሉ ወራት ብቻዬን ይዤው ዞርኩ። ኦቨርታይም ሠርቼ ስመለስ በር ላይ ቆሜ ፊቴን አስተካክዬ ነው የምገባው። እሷ እየሳቀች ሠራች፣ እየሳቀች ወለደች። ከዚያ ማክሰኞ ጠዋት ሰው ይዤ ነገርኳት። የዚያን ቀን ጩኸቷ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ወደ መሬት ስትሄድ ከኋላ የያዝኳት እኔ ነኝ።

በሕይወትህ ከሠራኸው ሁሉ አንድ ጥሩ ነገር ጥራ ብባል የምጠራው ያንን ነበር። ለስንቱ አውርቼዋለሁ። "እንደ እኔ አድርጉ፣ ሳታውቅ በሰላም ወለደች" እላለሁ።

ወደ ሐሙስ ልመለስ። ልጄ ሸክላዎቹን አንድ በአንድ አጫወተችልን። እኔ ሶፋው ላይ ጋደም ብያለሁ፤ ባለቤቴ ፎጣ ታጥፋለች። የሆቴል ነገር አለቀቃትም፣ ጡረታ ወጥታም ፎጣ የምታጥፈው በሦስት ነው። ዘፈኑ እንደፈራሁት ነው፣ ያ ጊታር ያላዝናል። ሴትየዋ ግን ቀስ ብላ ነው የምትዘፍነው፣ እንደ ባላገር። እንግሊዝኛዬ የታክሲ እንግሊዝኛ ቢሆንም ቃሉ አላመለጠኝም።

"አሁን የመጨረሻው ነው" አለች ልጄ። "ይሄ ላይቭ ነው አባዬ፣ እዚሁ ቬጋስ ነው ሪከርድ የተደረገው። እስከ ዛሬ ወጥቶ አያውቅም።"

መርፌው ሲያርፍ መጀመሪያ የመጣው የሰው ጫጫታ ነው። ብርጭቆ ይጋጫል። ከሩቅ ደግሞ የዱሮው የቁማር ማሽን ሳንቲም ሲዘረግፍ ይሰማል፤ ዛሬ ያ ድምፅ የለም፣ ሁሉም ወረቀት ሆኗል። ባለቤቴ ፎጣውን በአየር ላይ እንደያዘች ቀረች። አዳራሹን በድምፁ አወቀችው።

ሴትየዋ ጊታሯን እየነካካች መናገር ጀመረች። ያለችው ይህ ነው። ይህን ዘፈን የሰጠችኝ ቀሚሴን የምትተኩስልኝ ሴት ናት አለች። ከኢትዮጵያ ነው የመጣችው፣ እርጉዝ ናት። እናቷ አገሯ ሞታለች። ባሏ ያውቃል፣ ጎረቤቱ ያውቃል፣ ለሷ አልነገሯትም። እንዳትደነግጥ ብለው ነው። እሷ ግን ታውቃለች።

እዚህ ላይ አዳራሹ ሳቀ። ቀልድ መስሏቸው ነው። ሴትየዋ ትንሽ ጠበቀቻቸው። ለምን አትነግሪውም አልኳት አለች፤ ባሌ ደግ ሰው ነው፣ ደክሞበታል አለችኝ።  ከዚያ ዘፈነችው። አዝማቹን በአማርኛ ባደርገው እንዲህ ነው፦

ቤቱ ሁሉ ያውቃል፣ እኔም አውቄያለሁ፤
እነሱ እስኪነግሩኝ ቆሜ እስቃለሁ።

"አጥፊው" አለች ባለቤቴ። እንደዚያ ፈጥና ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ልጄ መርፌውን አነሳች። 

እኔ ተነስቼ ተቀምጫለሁ። የልቤን ነገር ረስቼዋለሁ። ያ ሁሉ ሰው፣ ባርኔጣውም ሰካራሙም፣ ቢራውን ይዞ የኔን ቤት ጉድ ሲሰማ እኔ ውጭ ታክሲ ውስጥ ተሰልፌ መንገደኛ እጠብቅ ነበር። ምናልባትም ከዚያው አዳራሽ የወጡትን ጭኜ ቤታቸው አድርሻለሁ። ምንም ሳላውቅ።

"ዌይት" አለች ልጄ። "ሆድ ውስጥ ያለችው ቤቢ እኔ ነኝ?"

ወደ እናቷ ዞርኩ።

"ታውቂ ነበር?" አልኳት ባለቤቴን።

"አውቅ ነበር።"

"ማን ነገረሽ?"

"አንተ" አለች። ፎጣውን አስቀመጠችው። "አንተ ሰውዬ ሳህን አጥበህ ታውቃለህ? ያን ሰሞን ከሥራ ገብተህ ሳህን አጠብክ። በቆምክበት አይቼህ እናቴ ሞታለች አልኩ። ለክርስትናዋ ፎቶ የሚላክለትን ዘመድ ስትቆጥር ደግሞ የእናቴን ስም ዘለልከው።"

ሳህን። ስልኩን ነቅዬ፣ ሰውን ሁሉ አስምዬ፣ ፊቴን በር ላይ አስተካክዬ፣ በሳህን ተያዝኩ።

"ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?"

"ተሸክመኸው ሳይህ ልቀማህ? እኔን ለማዳን ብለህ ከስተህ ነበር። አውቄያለሁ ብልህ ድካምህ ሁሉ ገደል ይገባል።"

"ለፈረንጅ መንገሩስ?"

"እሷ እናቴን አታውቃትም። አትደነግጥ፣ አታጽናናኝ። ቀሚሷን እየተኮስኩ አለቀስኩባት። ማልቀሻ ሰው ቸገረኝ፤ የኛ ሰው ሁሉ እየሳቀብኝ ነበር። አንድ ቀን በር ሥር ቆሜ ስትዘፍነው ሰማኋት። ከዚያ ወዲያ የጠፋ መስሎኝ ነበር።"

ይህንንም ዋጥኩት። ያልዋጥኩት አንድ ነገር ነው። "ጩኸትሽስ?" አልኳት። "ያን ማክሰኞ እንደዚያ የጮኽሽው? ስታውቂ ኖረሽ ነው? አስመሰልሽብኝ?"

"ሲደርስብህ ታየዋለህ" አለች። እንደተናገረችው አፏን በእጇ ያዘች። ልጄ ቀና ብላ አየቻት። ሁለቱም ፊታቸው አመድ ሆነ።

እኔ የመሰለኝ ክፉ ቃል ስላመለጣት አፍራ ነው። ተነስቼ ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ሰው የሚስቱን ሳቅ ባያምን ይኖራል። ለቅሶዋን ማመን ሲያቅተው ግን ሌላ ነው። ያቺ ጩኸት እውነት ካልሆነች ያን ቀን ከኋላ የያዝኩት ማንን ነው? ስንት ዓመት ያወራሁት ምኑን ነው? ዓርብ ጠዋት ቁርሴን በልቼ አላናገርኳትም። ግትር ነህ ይሉኛል፣ ነኝ።

በዚያው ዓርብ ጡረታ የወጣን ታክሲ ነጂዎች ወደምንሰበሰብበት የዶናት ሱቅ ሄድኩ። እዚያ አንድ ወዳጅ አለኝ፣ ከኔ ያንሳል፣ ገና ይሠራል። ሥራው እኔን መተረብ ነው። ከሆስፒታል የወጣሁ ቀን እንኳ "ጋሼ፣ ልብዎን ከፍተው ውስጡ ምን አገኙ? ድንጋይ ነው አይደል?" ብሎ ሰዉን አስቆታል። ያን ቀን ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሳ። "እዚህ ይቀመጡ ጋሼ" አለኝ። ቡናዬን ራሱ አመጣልኝ። ሌሎቹም ስለ አየሩ ያወራሉ። የበረሃ ሰው ስለ አየር ምን ያወራል? ሞቃት ነው፣ አለቀ። በሽታዬን አስበው ነው አልኩ። ቶሎ ተነስቼ መጣሁ።

እሑድ እንደ ልማዴ ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ስለብስ ባለቤቴ ሰው ይበዛል፣ ልብህን ይጨንቀዋል፣ ቤት ሁን አለችኝ። ቂሜ ስላልወጣልኝ እሺ አልኩ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደግሞ አገር ቤት ለእህቴ እደውላለሁ። እትዬ ነው የምላት፤ እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ ናት፣ በጀርባዋ አዝላ። ስልኩን ስታነሳ ደህና ነህ ወይ አትልም። "እስካሁን አልሞትክም?" ነው የምትለው። ያለፈውን እሑድ አልተገኘችም፤ ባለቤቴ አገሩ ኔትወርክ የለውም አለችኝ። በዚህኛው እሑድ ስልኬ ራሱ የለም፤ ልጄ ሐሙስ አፕዴት ላድርግልህ ብላ ወስዳዋለች።

ቤቱ ጭር ሲል ሣጥኑን አየሁት። ሴትየዋም አየችኝ። እልህ ያዘኝ። ሚስቴ ስለኔ ለፈረንጅ የነገረችውን እስከ መጨረሻው ልስማው አልኩ። የመጨረሻውን ሸክላ አውጥቼ፣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ መርፌውን ልጄ እንዳሳየችኝ አሳረፍኩት። ጫጫታው መጣ፣ ሳንቲሙ መጣ፣ ሳቁም መጣ። አዝማቹን አለፈች። ሐሙስ ያልሰማሁት ሁለተኛው ግጥም ተጀመረ።

ስልኬ ጠፋ ትላለች። በሾርባዬ ውስጥ ቅቤ በዛ። ተሳዳቢዬ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ልጆቹ ሳልጠራቸው መጡ። ማን እንደሞተ አይነግሩኝም፣ ግን አጎንብሰው ያልፋሉ።

የሰማሁት ስለ ባለቤቴ ነበር፣ እስከ ሦስተኛው መስመር ድረስ። ከዚያ ስለ እኔ ሆነ።

ስልኬ። የትናንት ማታው ሽሮ፣ ሐኪሙ ቅቤ እንዳይነካ ብሎ፣ ባለቤቴም ከሆስፒታል ከወጣሁ ጀምሮ በውሃ ስታበላኝ ቆይታ፣ ትናንት ቅቤው ላዩ ላይ ይንሳፈፍ ነበር። ተራቢው ወዳጄ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ልጄ ሐሙስ በጠዋት መጣች። ኔትወርክ የለም። ሲደርስብህ ታየዋለህ።

የራሴ ደንብ ነው። ቃል በቃል እኔ ያስተማርኳቸው ነው። አንድ በአንድ እያደረጉ ቤቴን ከበውኛል፣ እኔ የከተማው መርዶ ነጋሪ አላየሁም። ጊታር የያዘች ፈረንጅ፣ አይታኝ የማታውቅ፣ ወንዶቹ ከጻፉት ሌላ አትዝፈኚ ብለዋት እንቢ ያለች፣ እሷ ነገረችኝ። እትዬ ሞታለች።

ጮኽኩ ወይ ብትሉ አልጮኽኩም። ሸክላው እየዞረ ቁጭ አልኩ። እንባዬ ይወርዳል፣ ድምፅ የለኝም። ሕዝቡ በጆሮዬ ውስጥ ሲያጨበጭብ ሰማሁት።

በሩ ተከፈተ። ባለቤቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመለሰች። የነጠላዋን ጥለት ወደ ላይ አድርጋዋለች፣ እንደ ሐዘንተኛ። ሳየው ወዲያው ገለበጠችው። በር ላይ እንደቆመች አየችኝ፤ ፊቴ ርሷል፣ ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ነው።

"ምነው?" አለች።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። አየኋት። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ከስታለች። ለካ እሷም ፊቷን በር ላይ እያስተካከለች ነው የምትገባው። ያለችው ቃል ያኔ ገባኝ። ተሸክማው ሳያት እንዴት ልቀማት?

"ይቺ ሴትዮ ታስለቅሳለች" አልኩ።

ብዙ አየችኝ። "ታስለቅሳለች" አለች፣ ገብታም ምሳ አቀረበች። ቅቤው አሁንም አለ። ጠርጌ በላሁት፣ ጣፋጭ ነው አልኳት። ሐሙስ ከተኳረፍን ወዲህ በደህና ቃል ያናገርኳት ያኔ ነው።

ሰኞን ዋልን። እሷ ትስቃለች፣ እኔ እስቃለሁ። ልጄ ከሰዓት መጥታ እዚሁ አድራለሁ አለች፤ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። እንግዲያውስ ሣጥኑን አምጪው አልኳት፣ ሌሎቹንም ሸክላዎች ሰማን። በሸክላው አመካኝቼ ደግሜ አለቀስኩ። "አባዬ ካንትሪ ወደድክ እንዴ?" አለችኝ። ዝም በይ አልኳት።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ነቅቼ ነበር። ወዲያኛው መንገድ ላይ መኪናዎች ሲቆሙ ሰማሁ። በደንቡ ነው፣ እደጃፉ አላቆሙም። ግን ዕድሜዬን ከሞተር ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የተራቢውን ወዳጄን አሮጌ መኪና ሳል አውቀዋለሁ። ባለቤቴ ቀስ ብላ ከአጠገቤ ተነሳች። እኔ ብርድ ልብሴን እስከ አንገቴ ሳብኩና ዓይኔን ጨፈንኩ፣ በወጉ እንዲቀሰቅሱኝ።

ሳሎን አስቀመጡኝ። ቤቱ ሞላ። የታክሲ ሰዎች፣ የሀውስኪፒንግ ሴቶች፣ ካርድ የሚያድሉት ልጆች፣ ሁሉም ኮታቸውን እስከ አንገት ቆልፈዋል። እንዲናገር የተመረጠው ያ ወዳጄ ነው። እኔ ነኝ ያስተማርኩት። ፊቴ ተንበርክኮ "ጋሼ" አለ፣ ከዚያ ጠፋበት። ደግሞ "ጋሼ" አለ።  እንደዚያ ያለ ምላሰኛ ሰው ቃል ሲያጣ ማየት ያሳዝናል።

"አትፍራ። በል" አልኩት።

ቤቱ ሁሉ ደነገጠ። ከኋላዬ ትከሻዬን የያዘችው ባለቤቴ እጇ ቆመ።

"እትዬ አረፉ፣ ጋሼ" አለ።

አውቀው ነበር። ከእሑድ ጀምሮ አውቀው ነበር፣ አልቅሼላታለሁ፣ ቅቤ በልቼባታለሁ። አሁን በወጉ አንገቴን ደፍቼ እንባዬን አፈሳለሁ ብዬ ነበር ያሰብኩት። ነገር ግን ቃሉ ከሰው አፍ ሲወጣ ከሆዴ የሆነ ነገር ተነሳ። እኔ አልጠራሁትም። የማን ድምፅ ነው ብዬ ዞር ልል ነበር፣ ለካ እኔ ነኝ። ወለሉ ወደ እኔ መጣ። ደረቴን ስደቃ ሐኪሙ ያስገባልኝን ነገር አላሰብኩም። እስካሁን አልሞትክም የምትለኝ የለችም። ብቻዬን ሳለሁ ይህ አልሆነም ነበር። ሰዉ ሁሉ ሲያውቅ፣ እኔም ማወቄን ሲያውቁ፣ ያኔ ሞተች።

ባለቤቴ ከኋላ አልለቀቀችኝም። ትንሽ ሴት ናት፣ ከየት እንዳመጣችው አላውቅም ያንን ጉልበት። ጆሮዬ ሥር ሆና "እኔም እንዲህ ነው የሆንኩት" አለችኝ።

ሐዘን ቤት ዘፈን አይከፈትም፤ ሣጥኑ ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀመጠ። አርባው ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት ባለቤቴ ፎጣ እያጠፈች ሳለ ራሴ ተነስቼ የመጨረሻውን ሸክላ አደረግኩት። ሴትየዋ ስለ ባልየው መናገር ስትጀምር አዳራሹ እንደ ልማዱ ሳቀ። ባለቤቴም አብራ ሳቀች።

"ምን ያስቅሻል?" አልኳት።

"ሳህኑ" አለች። "አንዱንም በደንብ አላጠብከውም ነበር። ስትተኛ ደግሜ ነው ያጠብኩት።"